የኅዳር ጢስና የተዘጋው የባሕር በር



ኅዳር 12 ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዱስ ሚካኤል በመላእክት ላይ አለቃ ሆኖ የተሾመበት፥ ሕዝበ እስራኤልም ከግብፅ ባርነት ወጥተው በምድረ በዳ ሲጓዙ እየመራ የጠበቀበት መታሰቢያ ሆኖ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። በዚሁ ዕለት ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ወጥቶ ሲከብር፥ በየመንደሩ ደግሞ ሌላ ልማድ ይፈጸማል። ቤት ይጠረጋል፤ ግቢ ይጸዳል፤ የተጠራቀመው ጥራጊ ከደጅ ተከምሮ እሳት ይለኰስበታል። የአዲስ አበባ ሰማይ በጢስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው። ከወላጆቻችን ተቀብለን በየዓመቱ እናደርገዋለን፤ ይሁን እንጂ ጢሱ የማንን ሞት እንደሚያስታውሰን፥ ከእኛስ ምን እንደሚጠይቀን ቆም ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

የልማዱ መነሻ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአገራችን ላይ የደረሰው መቅሠፍት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በምድር ሁሉ የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በዚያ ወር በአዲስ አበባ ላይ በረታ። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው ጠሩት፤ «የንፋስ በሽታ» ያሉትም ነበሩ። በመዲናይቱ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ለጥቂት ተረፉ። በሽታው ሽማግሌውንና ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን በጕልበቱ የሚመካውን ጎልማሳ ጭምር ስለ ጣለ፥ ቀባሪው ከሟቹ ጋር ተኛ፤ አስታማሚው ከታማሚው ቀድሞ ዐረፈ። የአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚወድቁ ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተም አለ። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። አገራችንን ከባሕር ጋር ያገናኘ በጎ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ሰውና ዕቃ በሚመላለስበት መንገድ በሽታም ይመላለሳል።

ጥራጊ የማቃጠሉ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ዘመን በሽታ ከቆሻሻና ከከፋ አየር ይነሣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ አየሩን በጢስ ማጥራት እንደ መድኃኒት ተቈጠረ። ዛሬ ያ በሽታ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ፥ በሳልና በንክኪ የሚተላለፍ እንጂ ከጥራጊ ክምር የሚነሣ እንዳልሆነ እናውቃለን። ይህን የምንለው የእናቶቻችንን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም። ንጽሕና መልካም ነው፤ ያለፉትን ማሰብም መልካም ነው። ነገር ግን መታሰቢያ ትምህርት ካልሆነ ጢሱ ዓይን አስለቅሶ ከማለፍ በቀር የሚተወው ፍሬ የለም። በዚያው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በዓለም ሌላኛው ዳር፥ በውቅያኖስ መካከል በሚገኙ ትናንሽ የባሕር ዳር መንደሮች የሆነውን ስንመለከት ግን፥ ልንማረው የሚገባን ነገር ጎልቶ ይታየናል።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል የሳሞአ ደሴቶች ይገኛሉ። ሕዝቡ አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ ሲሆን፥ እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ኃያላን መንግሥታት ደሴቶቹን ለሁለት ተካፈሏቸው። ምዕራባዊው ክፍል በመጀመሪያ ለጀርመን ደረሰ፤ በኋላም የዓለም ጦርነት እንደ ተጀመረ በኒውዚላንድ ጦር እጅ ገባ። ምሥራቃዊው ክፍል በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥር ዋለ። የምዕራቡ ዋና ወደብ በኡፖሉ ደሴት ያለው አፒያ ነው፤ የምሥራቁ ደግሞ በቱቱዊላ ደሴት ያለው ፓጎ ፓጎ ነው። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንግሥታት ቢለያዩአቸውም ሰዎቹ ተጋብተውና ተዋልደው የሚኖሩ፥ በዚህም በዚያም ዘመድ ያላቸው ነበሩ። በሥርዓተ አምልኮ ከእኛ ቢለዩም ወንጌልን የተቀበሉ፥ ጸሎት የሚወዱ ክርስቲያኖች ናቸው።

ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. «ታሉን» የተባለች መርከብ ከኒውዚላንድ ተነሥታ አፒያ ደረሰች። የታመሙ ሰዎችን ይዛ ሳለ፥ ተለይታ እንድትቆይ ሳይደረግ ወደቡን እንድትይዝ ተፈቀደላት። መንገደኞቹ ወርደው በየመንደራቸው ገቡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽታው ደሴቱን አዳረሰ፤ ሁለት ወር ያህል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከ38 ሺህ ሕዝብ 8,500 ያህሉ፥ ማለትም ከአምስት ሰዎች ከአንድ የሚበልጠው አለቀ። ሙታን በጅምላ በአንድ ጕድጓድ ተቀበሩ። በእርሻው ላይ ምግብ ሞልቶ ሳለ ነቅሎ የሚያበስል ብርቱ ሰው ስለ ጠፋ ረኀብ በበሽታው ላይ ተጨመረ። የነገድ አለቆች፥ ሽማግሌዎችና መምህራን ሳይቀሩ ረገፉ።

በዚያው ወር በምሥራቃዊው ክፍል የሆነው ሌላ ነበር። አስተዳዳሪው የባሕር ኃይል መኰንን ጆን ፖየር የወረርሽኙን ወሬ በሬዲዮ በሰማ ጊዜ ወደቡን ዘጋ። በመርከብ የመጣ ሰው ሳይመረመርና ለቀናት ተለይቶ ሳይቆይ ምድር እንዳይረግጥ አዘዘ። ነገር ግን ደሴት አንድ በር ብቻ የላትም፤ ዙሪያዋ ሁሉ በር ነው። ከማዶ የተነሣች አንዲት ታንኳ በሌሊት በፈለገችው አሸዋ ላይ ልትጠጋ ትችላለች። ስለዚህ ትእዛዙን ከወረቀት አውጥቶ ሥራ ያደረገው የየመንደሩ ሰው ነው። የቱቱዊላ ሰዎች የባሕሩን ዳር በጥበቃ ያዙ፤ ታንኳ እንዳትጠጋ ቀንና ሌሊት ተመለከቱ። ጥበቃው የጥቂት ሳምንታት ብቻ አልነበረም፤ የደሴቱ በር እስከ እ.ኤ.አ. 1920 ዓ.ም. ድረስ በጥንቃቄ ተጠበቀ። 8 ሺህ ያህል ሕዝብ በነበረበት በዚያ ምድር በወረርሽኙ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም።

የእነዚያን የባሕር ዳር መንደሮች የዕለት ኑሮ ለአንድ አፍታ እናስብ። የሳሞአ ባህላዊ ቤት ግድግዳ የለውም። በዙሪያው በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ የቆመ የቅጠል ክዳን ነው፤ ዝናብና ነፋስ ሲበረታ ብቻ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ መጋረጃ ይወርዳል። ጎረቤት የጎረቤቱን ማዕድ እያየ ይውላል። በአንድ ጣራ ሥር አያት፥ አጎት፥ አክስትና የልጅ ልጅ በአንድነት በሰሌን ላይ ይተኛሉ። ወንዶች ማለዳ ወደ ጎደሬ እርሻቸው ይወጣሉ ወይም ታንኳ ይዘው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሴቶች ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋዩ መካከል የሚበላውን ይለቅማሉ። ምሽት ሲሆን ምልክት ይሰማል፤ መንደሩ ጸጥ ይላል፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በየቤቱ ተቀምጦ ይዘምራል፥ ይጸልያል። እሑድ ከጸሎት በኋላ በጋለ ድንጋይ የበሰለ ምግብ ለሁሉ ይቀርባል።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ሕዝብ በሽታ ከገባበት በኋላ እንዴት አድርጎ ደጁን ይዘጋል? የሚዘጋው ደጅ የለውም። ማዕዱ አንድ ነው፤ ሰሌኑ አንድ ነው፤ ትንፋሹም አንድ ነው። የቱቱዊላ ሰዎች የዘጉት የቤታቸውን በር ሳይሆን የባሕሩን በር ነው። የባሕሩ በር በጊዜ በመዘጋቱ የማታው ጸሎት፥ የእሑዱ ጉባኤና የጋራው ማዕድ ሊቀጥሉ ቻሉ። ያቋረጡት አንድ ከባድ ነገር ነው፤ ወደ ማዶ መመላለስን። ማዶ ያለ ወንድሙ ታሞ ሊጠይቀው፥ ሞቶም ሊቀብረው ያልሄደ ሰው በዚያ አሸዋ ላይ ቆሞ ነበር። ዘመድ የሚመጣበትን ባሕር ዘመድ እንዳይመጣበት መጠበቅ ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር፥ ለቅሶ መድረስን እንደ ታላቅ ሃይማኖታዊ ግዴታ ለምናይ ለእኛ ማስረዳት አያሻም። በኡፖሉ ግን የባሕሩ በር ክፍት በመሆኑ የውስጡ ሁሉ ተዘጋ። አብሳይ ጠፋ፤ ቀባሪ ጠፋ፤ በየመንደሩ የሚያጽናና አገልጋይ ጠፋ።

የሁለቱ ደሴቶች ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው። የውጭው በር በጊዜ ሲዘጋ የውስጡ በር ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ የውጭው በር ሳይዘጋ ሲቀር ግን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ይዘጋል።

የእኛም ኑሮ ከሳሞአ ሰዎች ኑሮ ብዙ የራቀ አይደለም። ቤታችን ግድግዳና በር ይኑረው እንጂ ማዕዳችን በር የለውም። በአንድ መሶብ ዙሪያ እንቀርባለን፤ እንጎራረሳለን፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንጠራለን፤ በልቅሶ ድንኳን ጎን ለጎን ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ በቅዳሴ ትከሻ ለትከሻ ቆመን አንዱን መስቀል እንሳለማለን። ይህ ሀብታችን ነው፤ እንዲጠፋም አንሻም። ነገር ግን እንዲህ ተቀራርቦ የሚኖር ሕዝብ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ መጠንቀቅ ይገባዋል። ፍቅራችን የሚተላለፍበት መንገድ በሽታውም የሚተላለፍበት መንገድ ነውና።

አንዳንድ ምእመናን ይህን ስንናገር «በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው በሽታን ፈርቶ ደጁን ይዘጋልን?» ይሉናል። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚወጣ ስለ ሆነ በቅንነት ልንመልሰው ይገባል። ዛሬ ቅዱስ ሚካኤል መራቸው ብለን የምናከብርላቸው እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት ምን ታዘዙ? በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፥ የበጉን ደም በመቃኑ ላይ ቀብተው እስኪነጋ ድረስ ከቤታቸው ደጅ እንዳይወጡ ታዘዙ። የመጀመሪያው ፋሲካ የተበላው በየቤቱ፥ በተዘጋ ደጅ ውስጥ ነው። ደሙ ምልክት ሆነላቸው፤ ደጁን መዝጋታቸውም መታዘዝ ሆነላቸው። በደሙ ታምኖ ደጁን ክፍት የተወ እስራኤላዊ አላነበብንም። ኖኅም ወደ መርከቡ በገባ ጊዜ በስተኋላው የዘጋበት እግዚአብሔር ራሱ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ደግሞ የለምጽ ምልክት የታየበትን ሰው መርምሮ ለሰባት ቀን ለይቶ የሚያቆየው፥ ሰባቱም ቀን ሲፈጸም ዳግመኛ የሚመረምረው ካህኑ ነበር። እንግዲህ ለይቶ ማቆየት ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ነገር ሳይሆን በኦሪቱ የካህናት አገልግሎት ነበር። «ኳራንቲን» የሚለው ቃል ራሱ በጣልያን ቋንቋ «አርባ» ከሚለው የወጣ ነው፤ የቬኒስ ሰዎች ከበሽታ አገር የመጣችን መርከብ አርባ ቀን ያቆዩ ስለ ነበር ነው። እኛ በዘመናችን «ለይቶ ማቆያ» ወይም «ወሸባ» እንለዋለን። ጌታችን አርባ ቀን በገዳም መጾሙን የምናስብ፥ ሱባኤ የምንገባ፥ በዓታቸውን ዘግተው ስለ ዓለም የሚጸልዩ አባቶችን የምናከብር ሕዝብ ነን። የተዘጋ ደጅ ሁሉ የፍርሃት ደጅ እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ ማን ሊያውቅ ይችላል? በአንጻሩ፥ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ብሎ ራስን ወደ አደጋ መወርወር በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ለጌታችን የቀረበለት ፈተና ነበር፤ ጌታችንም አልተቀበለውም።

ሌላም አደገኛ አሳብ አለ። ወረርሽኝ የመጣባቸው በኃጢአታቸው ነው፤ የተረፉትም በጽድቃቸው ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ ከሁለቱ የሳሞአ ደሴቶች ፊት መቆም አይችልም። በሁለቱም ማዶ ያሉት አንድ ወንጌል የሰሙ፥ አንድ ዐይነት ጸሎት የሚጸልዩ ወንድማማቾች ናቸው። በኡፖሉ ከሞቱት መካከል ሕዝቡን ሲያስተምሩና ሲያጽናኑ የኖሩ አገልጋዮች ብዙዎች ነበሩ። ልዩነቱ በጽድቅ ሳይሆን አንዲት መርከብ በመግባቷና ባለመግባቷ ነው። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች ሲናገር፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ሆኑ አለመሆኑን አስረድቶ ሁላችንንም ወደ ንስሐ ጠርቶናል። በ1911 ዓ.ም. የሞቱት አያቶቻችን ኃጢአታቸው ከእኛ የበዛ አልነበረም። በበሽታ የሞተን ሰው መውቀስ የሞተውን ሁለተኛ መግደል፥ የቀሩትንም ቤተ ሰቦች ማቍሰል ነው። ሰው ኀፍረትን ከፈራ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ይሁን እንጂ ደጅ መዝጋት ብቻውን ጽድቅ ነው ማለታችን አይደለም። እጅ ሳይዘጋ ደጅ መዝጋት ይቻላል፤ ደጅና እጅን አብሮ መዝጋት ግን ጭካኔ ነው። የቱቱዊላው አስተዳዳሪ ወደቡን ዘግቶ ሳለ ለማዶው አስተዳዳሪ ርዳታ እናድርግላችሁ ብሎ ጠይቋል። የማዶው አስተዳዳሪ ግን ርዳታውን ሳይቀበል ቀረ፤ የሬዲዮ ግንኙነቱንም አቋረጠ። የጎረቤትን እጅ በመመለሱ ሊተርፉ የሚችሉ ሰዎች ሳይሞቱ አልቀሩም። ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሄለን ክላርክ በዚያ ዘመን ስለ ተፈጸመው በደል የሳሞአን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ መጠየቅ ክብር ነው፤ ሙታንን ግን አያስነሣም።

የደጁን መዘጋት ሸክም የሚሸከሙት ከውጭ የቀሩትም ጭምር ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የአሜሪካ ሳሞአ ሰዎች የአያቶቻቸውን ነገር አስታውሰው የመንገደኞችን በረራ አቆሙ። በሽታው በሕዝቡ መካከል መዛመት የጀመረው ክትባት ከተገኘ በኋላ፥ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። ነገር ግን ለሕክምናና ለሥራ ወጥተው የነበሩ ብዙ የገዛ ወገኖቻቸው በሃዋይና በአሜሪካ ግዛቶች ለወራት መመለሻ አጥተው ተንገላተዋል። ደጁን ለመዝጋት የወሰነ ሕዝብ ከደጅ የቀረውን ልጁንም ማሰብና መንገድ ማበጀት አለበት።

ስለ ራሳችንም ጥቂት እንናገር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ካህናት ጥና ይዘው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች አጠኑ። ብዙም ሳይቈይ የቅዱስ ሲኖዶስን ውሳኔ ተከትሎ ቅዳሴው በጥቂት አገልጋዮች ብቻ እንዲከናወን፥ ምእመናንም በየቤታቸው እንዲጸልዩ ሆነ። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን ነበር፤ ብዙው ምእመን ያሳለፈው በቤቱ ነው። እኛም በሰሙነ ሕማማቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን፥ ሊሰግዱ የመጡ አባቶችንና እናቶችን በቤታችሁ ጸልዩ እያልን የመለስን ነን። ይህን ማድረግ ለአንድ ዲያቆን ቀላል አልነበረም። «ተንሥኡ ለጸሎት» እያለ ሕዝቡን የሚያስነሣ አገልጋይ ሕዝቡን ከደጅ ሲመልስ ምላሱ ይተሳሰራል። በቅዱስ ቍርባኑ ላይ ጥርጥር ኖሮን አልነበረም፤ ያሰጋን መጨናነቁና መተፋፈጉ ነው። ቢሆንም ዛሬም ድረስ «ያን ጊዜ ደጃችሁን ዘጋችሁብን» ብለው የሚያዝኑብን ምእመናን አሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይህ ነገር እናትንና ልጅን ሲያከራክር ሰምተናል።

በዕለተ ስቅለት የመጡ አንዲት አረጋዊት እናትን አንረሳቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ሳለ፥ አንገታችንን ደፍተን «እናቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልን፤ መግባት አልተፈቀደም» አልናቸው። ይቈጡናል ብለን ነበር፤ አልተቈጡም። «ልጄ፥ እናቴ ስለ ኅዳር በሽታ ስታወራኝ ከሁሉ አብልጣ የምታለቅሰው ደወሉን አንሥታ ነበር» አሉን። «ደዋዩ ሞቶ የደብራችን ደወል ሳይደወል ሰነበተ ትለኝ ነበር። ዛሬስ ደወሉ ይሰማል። እናንተ በሕይወት ቆዩልን እንጂ እኔ ቤቴ ሆኜ እሰግዳለሁ»። ከቅጥሩ ውጭ ሦስት ጊዜ ሰግደው ሄዱ። መጻሕፍት አገላብጠን ልናስረዳ የምንደክምበትን ነገር እኚያ እናት በሁለት ቃል ጨረሱት። ደጁ ለጊዜው የተዘጋው ደወሉ ለዘለቄታው እንዲሰማ ነው።

ወደ ጢሱ እንመለስ። «ኅዳር ሲታጠን» ስንል ማዕጠንትን እያነሣን ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 16 መቅሠፍት በሕዝቡ መካከል በጀመረ ጊዜ፥ አሮን በሙሴ ቃል ጥናውን ይዞ፥ ዕጣን ጨምሮ ወደ ጉባኤው መካከል ሮጠ። በሞቱትና በሕይወት ባሉት መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ። አሮን ከሩቅ ሆኖ ዕጣን አላጨሰም፤ ሮጦ ሄዶ በመካከል ቆመ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጢሱን ይዘን መቆሙን ረስተናል። በቱቱዊላ አሸዋ ላይ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ የመንደር ጎልማሳ ጥና አልያዘም፤ ነገር ግን በሞቱትና በሕይወት ባሉት መካከል ቆሞ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ለጎረቤቱ ውኃ ያቀበለ፥ የማያውቀውን ሬሳ የቀበረ አዲስ አበቤም በመካከል ቆሞ ነበር። በዘመናችን ወረርሽኝ ሌሊቱን ከሕመምተኛ አጠገብ ያደረች ነርስም እንዲሁ።

እንግዲህ በዚህ በዓል ምን እናድርግ? ቤታችንንና ደጃችንን እንጥረግ። ነገር ግን የቀድሞው ጥራጊ ገለባና ደረቅ ቅጠል ነበር፤ የዛሬው ላስቲክ፥ ፕላስቲክና ጎማ የተቀላቀለበት ነው። የእነዚህ ጢስ መርዝነት ስላለው በሽታ ሊያባርር ቀርቶ የሕፃናትንና የአረጋውያንን ደረት ይጎዳል። ስለ ሳንባ በሽታ መታሰቢያ የጎረቤትን ሳንባ ማሳመም አይገባም። እንዲህ ያለው ቆሻሻ ለጽዳት ሠራተኞች ይሰጥ፤ ከደጃችንም እጣን በቂ ነው።

ከዚህ ይልቅ በየዕድራችን፥ በየሰንበቴያችንና በየማኅበራችን አንድ ነገር እንድንነጋገር እንመክራለን። ወረርሽኝ እንደ ገና ቢመጣ፥ ደጁን የዘጋውን ቤተ ሰብ ማን ይመግበዋል? ብቻዋን ለምትኖር አረጋዊት ውኃና መድኃኒት ማን ከደጃፏ ያኖርላታል? ልቅሶ መድረስ ሲከለከል ኀዘንተኛውን በምን መንገድ እናጽናናዋለን? ዕድሮቻችን ለቀብር ድንኳንና ወንበር ያዘጋጃሉ፤ ሰው ሳይሞት ለሚያድነው ነገርም አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላቸዋል። በዛሬው ዕለት ስንክሳሩ የሚያነሣቸው ዱራታኦስና ቴዎብስታ ያላቸው ባለቀባቸው ጊዜ እንኳ የቅዱስ ሚካኤል ዝክር እንዳይታጐል፥ ድኾችም ሳይበሉ እንዳይውሉ ልብሳቸውን ለመሸጥ ተነሡ። ዝክራችን ማኅበርተኛው ብቻ ተሰብስቦ የሚበላው ሳይሆን፥ ደጁ ለተዘጋበት ሰው በሰሐን ተሸፍኖ የሚሄድ ዝክር ይሁን።

ያን ጊዜ ከደጅ የመለስናችሁ አባቶችና እናቶችም፥ ስለ ተሰማችሁ ኀዘን ይቅር በሉን። የመለስናችሁ ስለ ናቅናችሁ ሳይሆን በማግሥቱ ዓመት ልናገኛችሁ ስለ ወደድን ነው። በማግሥቱ ዓመት ያላገኘናቸውም አሉ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ጾሙን የበረከት፥ የንስሐና የመተሳሰብ ያድርግልን። ሕዝበ እስራኤልን በምድረ በዳ የመራ ቅዱስ ሚካኤል አገራችንንና ሕዝባችንን ከክፉ በሽታ በአማላጅነቱ ይጠብቅልን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር በአዲስ አበባና በሩቅ ደሴቶች ያለቁትን ነፍሳት ሁሉ ጌታ በምሕረቱ ያስባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።